ወንድሜ ዳግም ሲወዳደር

ሰኞ

ጋሼ ሊወዳደር ነው። ይኸው ጻፍኩት፣ ቀለል አለኝ። ቀኑን ሙሉ ለማን ልንገር ስል ዋልኩ፤ ገና አይነገርም ተብያለሁና ማታ ይህን ደብተር ከፈትኩ። የተገዛው ለደንበኞች ልኬት ነበር። ወገብና ትከሻ ሌላ ቦታ ይጻፍ።

ምሳ ሰዓት ላይ ስፌት ቤቱ ድረስ መጣ። ከእስር ከወጣ ወዲህ ከስቷል፤ የድሮ ኮቱ የሰው ይመስልበታል። ሳቁ ግን ያው ነው። በሩ ላይ ቆሞ «እህት ዓለም፣ የከንቲባ ሙሉ ልብስ ስንት ነው?» አለኝ።

«ለከንቲባ በዋጋው ነው። ለወንድም ይወደዳል፤ ወንድም አይከፍልማ።»

ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እስር ቤት ልጠይቀው ስሄድ እንዳይከፋው ብዬ የምስቀው ሳቅ አልነበረም፤ የቤት ሳቅ ነው። እናትና አባታችን ሲያልፉ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ጫማዬን ጠርጎ ትምህርት ቤት የሚልከኝ፣ አስራ ሁለተኛን ስጨርስ ከኔ በላይ የጨፈረው እሱ። እንዲህ ያለ ሰው እንደገና ቀና ሲል ደስ የማይላት እህት ምን ዓይነት እህት ናት?

ኦቨርሎክ ከማሽኗ ተነስታ ጨበጠችው። ኦቨርሎክ የምንላት የጨርቅ ጠርዝ የምትዘመዝመዋን ባልደረባችንን ነው። ማሽኗ ኦቨርሎክ ነው፤ እሷም የማንንም ወሬ ጠርዝ ሳትዘመዝም አታልፍም። ቆራጫችን ግን ቀና አላለችም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ የዩኒፎርም ጨርቅ ጠረጴዛዋ ላይ ተራራ ሆኗል፣ ቀና የምትልበት ጊዜ የት አላት። ጋሼም «እንደምን ዋላችሁ» አለ ለሁላችንም፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረውን ክር እያየ። ጋሼ ድሮም ለቀለም ዓይን ነበረው።

ማክሰኞ

ለባለቤቴ ነገርኩት። እሱ ባዳ አይደለማ። «ጥሩ» አለና የዝናብ ልብሱን ጠየቀኝ። ሐሙስ ጋሼን ለእራት ጠርቼዋለሁ ብለው፣ ሐሙስ የማታ ስምሪት አለብኝ አለ። ጋሼ ወደ ቤታችን በመጣ ቁጥር ለባለቤቴ ስምሪት ይደርሰዋል። የአውቶቡስ ድርጅቱ ሾፌር አጥሮት ነው። በዚህ ዕድሜው ያሳዝነኛል።

ረቡዕ ማታ

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፣ ሳረጅ ሳነበው እንዳይጠፋኝ።

ጋሼ ከንቲባ ሳለ የአውቶቡስ መናኸሪያው ላይ ትልቅ ጣሪያ አሠራ። ሕዝቡ በፀሐይና በዝናብ ይንገላታ ነበር፤ ለሕዝብ ብሎ ነው። መሐንዲሱ ምሰሶዎቹ አልተፈተሹም፣ ይቆይ አለ። ጋሼ መሐንዲሱን አነሳና በሱ ቦታ ራሱ ፈርሞ መናኸሪያውን ከፈተ። ዝናቡ ሲበረታ ጣሪያው ወረደ። አንድ ሰው ሞተ። በባለቤቴ አውቶቡስ ላይ ረዳት የነበረ ልጅ ነው። የቆራጫችን ባል።

እሷን ወደ ስፌት ቤቴ ያመጣኋት ከዚያ በኋላ ነው። እጇ ወርቅ ነው። ጨርቅ ሳታባክን፣ ጠመኔ ሳታበዛ፣ አንድ ጊዜ ዓይታ ትቆርጣለች። እትዬ ትለኛለች እንጂ የዕድሜ ልዩነታችን ያን ያህል አይደለም። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። ምን ያስፈልጋል? አብረን እንሠራለን፣ አብረን እንሳሳቃለን። እሷ ባትስቅም እኔ ለሁለታችን እስቃለሁ።

ፍርድ ቤት ፈረደ፣ ጋሼ ታሰረ፣ ጨረሰ። አሁን ሕጉ አትወዳደር አይለውም። ግን በሥልጣን ላይ ሳለ ባጠፋው የተፈረደበት ሰው ሊመዘገብ ሲመጣ፣ ምርጫ ኮሚቴው በአዳራሽ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ያደምጠዋል። የተጎዳ ሰው ካለም ይናገራል። ከዚያ ኮሚቴው ይግባ ወይም አይግባ ይላል። የጋሼ ነገር የቀረው ይህ አዳራሽ ብቻ ነው። በኔ ቤት አልቋል።

ዓርብ

እራቱ ጥሩ ነበር። ሁለታችን ብቻ በላን። ባለቤቴ የገባው ጋሼ ከወጣ በኋላ ነው፤ አለመገጣጠማቸው ይገርማል።

ዛሬ ደግሞ ርዕሰ መምህርቷ ዩኒፎርሙ የት ደረሰ ብላ መጣች። ወሬው ለካ ከተማውን ሞልቶታል፤ እኔ ብቻ ነኝ ምስጢር ይዤ የምታመመው።

«ይወዳደር» አለች። «ቧንቧችን ውሃ ያየው በሱ ጊዜ ነው። ካልፈለግነው እኛው እንጥለዋለን። ዳኛ ከፈረደ፣ ሰውየውም ቅጣቱን ከጨረሰ በኋላ፣ ደግሞ ሌላ ቅጣት የሚጨምረው ማነው?»

ልስማት ነበር።

ኦቨርሎክ ማሽኗን አቆመች። እሷ ማሽን ካቆመች ነገር አለ። «ባሌ ዘበኛ ሊቀጠር ሲሄድ ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት አምጣ አሉት። ለአንድ በር ነው። የብረት በር፣ ያውም ግማሹ የዛገ።»

«ዘበኛ ይቀጠራል እንጂ አይመረጥም።»

«ታዲያ ከንቲባውን የሚቀጥረው እኛ አይደለን? ወይስ እኛ ከበሩ ባለቤት እናንሳለን?»

ርዕሰ መምህርቷ ሳቀች። «አንቺ ተማሪዬ ብትሆኚ ኖሮ ውጪ ነበር የምትማሪው።»

«ውጪም ቢሆን እሰማ ነበር።»

እኔ መሃል ገባሁና የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል አልኩ። ኦቨርሎክ ማሽኗን መልሳ አስነሳች። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው ቆራጯ እዚያው መቆሟን ያስታወስኩት። የወደቀ የሚለው ቃል ከየት አፌ ላይ መጣ? ለመናገር ስቸኩል እንዲህ ነው የምሆነው።

ቅዳሜ፣ በጥድፊያ

ጉድ። ኦቨርሎክ ቆራጯን ላግዝ ብላ የጃኬት እጅጌ ቆረጠች። ጨርቁን ሳታጋጥም፣ ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ ደራርባ። ሁሉም ግራ እጅጌ ሆኖ ወጣ። የትምህርት ቤቱ ልጆች ቀኝ እጅ የላቸውም። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ከዚያ ጨርቁን ሳስብ ሳቁ ቆመ።

እሑድ

ዕረፍት ነኝ፣ ስለ ደንባችን ልጻፍ። ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እኮራበታለሁም።

በኛ ቤት ጨርቅ ያበላሸ ሰው መቀሱን ያስቀምጣል። አይሰደብም፣ ከደመወዙም አይቆረጥም። ግን ያበላሸውን ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የት ላይ እንደሳተ በጠመኔ ሳያሳይ መቀስ አይነካም። ሲያሳይ ደግሞ ይበቃል የምትለው ቆራጯ ናት፤ ጠረጴዛው የሷ ነውና። እኔ የቤቱ ባለቤት እንኳ ጣልቃ አልገባም። ሰው አጠፋሁ ለማለት አይቸገርም። የት ላይ እንዳጠፋ በጣቱ ማሳየት ነው የሚያስቸግረው።

ማክሰኞ

ኦቨርሎክ ዛሬ አሳየች። ግራ እጅጌዎቹን ዘረጋች፣ ጠመኔ ያዘች፤ «እዚህ ጋ ነው። ማጋጠም ነበረብኝ። ቸኩዬ ነው፤ አንቺን ላስደንቅሽ ብዬ ነው የቸኮልኩት» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልጨመረችም።

ቆራጯ መቀሱን አንስታ ሰጠቻት። «ይበቃል። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል?» አለችና ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ረጅም አየችኝ። ደንቤን ወደደችው ማለት ነው።

ከሰዓት ጋሼ ደወለ። ለአዳራሹ ዝግጅት ላይ ነው። ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ «ያቺ ቆራጭሽ» አለ፣ «ቂም አላት?»

«ኧረ እሷ መልአክ ናት።»

«ጠይቂልኝ እስቲ። አንድ ቃል ብትል ነገሩ አለቀ።»

«ለምን አንተ አትጠይቃትም?»

«አንቺ ትሻያለሽ። ሴትና ሴት ትግባባላችሁ።»

እውነቱን ነው። እኔ ለመግባባት የተፈጠርኩ ነኝ።

ረቡዕ

ጠየቅኋት። ዕቃ ስናነሳሳ፣ ኦቨርሎክ ወጥታ። እንዴት እንደጀመርኩት አላስታውስም፣ ዙሪያውን ዞሬ ዞሬ ነው የገባሁት። እሷ ጠረጴዛዋን እየጠረገች ሰማችኝ።

«ቂም ይዤ ጨርቅ ብቆርጥ እጄን እቆርጥ ነበር» አለች። «ቂም የለኝም እትዬ።»

አቀፍኳት። ጠመኔዋ ቀሚሴን አበላሸው፣ ግድ አልሰጠኝም። መንገድ ላይ እየሄድኩ ነው ለጋሼ የደወልኩት። ቂም የላትም፣ ከኛ ጋር ናት አልኩት። ደስ አለው፤ ድምፁ ሲሰበር ሰማሁ። ዛሬ የሠራሁትን ዓይነት ሥራ በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም።

ለባለቤቴ ስነግረው እግሩን እየታጠበ ነበር። «እሷ ናት ከናንተ ጋር ነኝ ያለችው?» አለኝ።

«ቂም የለኝም አለች።»

«ከናንተ ጋር ነኝ አለች ወይ ነው የምልሽ።»

ምን ልዩነት አለው? ሾፌር ነው፣ ሁሉን ነገር እንደ መንገድ ምልክት ነው የሚያነበው።

ዓርብ

መጻፍ አልችልም። ነገ።

ቅዳሜ

ትናንት ረፋዱ ላይ የቅስቀሳ መኪና በኛ መንገድ አለፈች። ማይክ የያዘው የጋሼ ሰው፣ ባለ ማይኩ እንለዋለን፣ ድምፁ ጥሩ ነው። ኦቨርሎክ በሩን ከፈተችልን፣ እኔም ብቅ አልኩ። እጄን አውለበለብኩ እንኳ።

«የሟች ባለቤት ሳትቀር ከጎናችን ቆማለች» አለ ማይኩ። «ያጣችው ይቅር ካለች ሌላው ምን ያገባዋል?»

ዞርኩ። ቆራጯ መቀሱን አስቀመጠች። አልወረወረችም፤ እንደ ሁልጊዜው አፉን ዘግታ፣ ጨርቁ ዳር። ሽርጧን አጥፋ ወንበሩ ላይ አደረገች።

«የት ነው?» አልኳት።

«ቤቴ።»

«ሥራው…»

«በጠመኔ ምልክት አድርጌልሻለሁ። እስከ ታች ድረስ።»

ወጣች። ኦቨርሎክ እኔን አየችኝ፣ ምንም አላለችም። እሷ ዝም ያለችበትን ቀን እንግዲህ አየሁት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ግን እኔ ምን አልኩ? ያለችውን ነው ያልኩት። ትንሽ ጨመርኩ። ደስታ ነው የጨመረው።

ሰኞ

አልመጣችም።

ማክሰኞ

አልመጣችም። ርዕሰ መምህርቷ ሁለት ጊዜ ጠየቀች። እኔ እቆርጣለሁ፣ መስመሩ ይጣመምብኛል፣ ሰበብ አበዛለሁ፤ መቀሱ ዶልዱሟል እላለሁ። መቀሱ ደህና ነው።

ረቡዕ

ቤቷ ሄድኩ። አንድ ክፍል ናት፣ ንጹሕ። የባሏ የሥራ ኮፍያ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። በር ላይ ጀምሬ ተቀምጬም አወራሁ። ጋሼ ክፉ ሰው አለመሆኑን፣ እንዴት እንዳሳደገኝ፣ ባለ ማይኩ አጋንኖ እንደሆነ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ቧንቧው። ሻይ አፍልታ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ፣ እየጠጣሁም አወራሁ።

«ጨረስሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔ ግን አልጀመርኩም።»

ስኒውን አስቀመጥኩ።

«ቂም የለኝም ያልኩሽ እውነቴን ነው» አለች። «ወንድምሽ ታስረዋል፣ ጨርሰዋል። ገበያ ባገኛቸው ሰላም እላቸዋለሁ። ታመዋል ቢሉኝ እጠይቃቸዋለሁ። ያ ሌላ ነው፤ ከተማ ልስጣቸው ወይ ደግሞ ሌላ ነው። እትዬ፣ ኦቨርሎክ ለእጅጌ ጨርቅ ቆማ የት እንደሳተች አሳይታለች። ያንቺ ደንብ ነው። እሳቸው የት ላይ እንደሳቱ ሲያሳዩ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

አሰብኩ። ጋሼ አደጋው ይላል። ያ ነገር ይላል። የደረሰብን ይላል። አንዳንዴ ዝናቡ ይላል።

«አፍሮ ነው» አልኳት።

«ይሆናል። ያፈረ ሰው ማይክ ይዞ በመንገዴ ያልፋል?»

ስወጣ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። መልካም ሰው ናት። ቁርጥ ያለ መልስ ግን አልሰጠችኝም፤ ነገ ትመጫለሽ ወይ ስላት ዩኒፎርሙን አላስቀርብሽም አለች።

ሐሙስ ማታ

መጥታለች፣ ትሠራለች፣ አታወራም።

ከሥራ በኋላ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ ፖስተር በየወንበሩ። ወደ ጓዳ ጎትቼ ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ ያደረግከውን አዳራሹ ውስጥ ንገራቸው። መሐንዲሱ ይቆይ ብሎኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ፣ ሰው ሞተ በል። ሌላ አትጨምር።»

«ጠበቃዬ አንድ ቃል እንዳትናገር ብሎኛል።»

«ጨርሰሃል እኮ። ደግመው አያስሩህም።»

«እህት ዓለም» አለና ፊቴን ዳሰሰኝ፣ በልጅነቴ እንደሚያደርገው። «ሕዝብ የሚፈልገው ደካማ ሰው አይደለም። እዚያ ውስጥ ሆኜ በየቀኑ ያልኩት እመለሳለሁ ነው። ያ ብቻ ነው ያኖረኝ። ካልተመለስኩ ምንድን ነኝ?»

ወንድሜ ነህ አልኩት። ሳቀ። ያ ለሱ እንደማይበቃው ፊቱ ላይ አየሁ። አልከፋኝም። ትንሽ ነው የከፋኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ቁጭ ብሏል፣ ስምሪት የለውም። ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ ተናገረ፤ ከተጋባን ጀምሮ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«እኔ ሰው ገጭቼ ብታሰር፣ ስወጣ መንጃ ፈቃዴን መልሱልኝ እላለሁ። መብቴ ነው። እነሱ ግን መጀመሪያ ፈተና ግባ ይሉኛል። እንዴት እንደገጨህ ንገረን ይሉኛል። ፍሬኑ ነው ብል፣ ፍሬኑን ማን መፈተሽ ነበረበት ይሉኛል። አውቶቡስ ነው፤ ከተማም አይደለም።» ቆየና «ልጁ ያን ቀን ዝናቡን ሸሽቶ ነው ጣሪያው ሥር የቆመው» አለ። «ና ግባ አውቶቡሱ ውስጥ አልኩት። አይ ጣሪያው አዲስ ነው አለኝ።»

ስምሪቱ ሁሉ ምን እንደነበር ገባኝ ብዬ እዚህ መጻፍ ያለብኝ ይመስለኛል። ገብቶኝ ነበር።

ሰኞ

ነገ አዳራሽ ነው። የጋሼን ልብስ ጨረስኩ፣ ያምራል፣ ትከሻው ልክ ተቀምጧል። ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። የተጠራሁት እኔ አይደለሁም።

ማክሰኞ ማታ

በሥርዓቱ ልጻፈው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሦስት የኮሚቴ ሰዎች፣ መሃል ላይ ሰብሳቢዋ፤ መነጽሯን ስታወልቅ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ጋሼ ተናገረ። ቅጣቴን ጨርሻለሁ አለ፣ ውሃውን አነሳ፣ መንገዱን አነሳ፣ አንድ ሰው በአንድ ጥፋት ዕድሜ ልኩን ውጪ ይቁም ወይ አለ። እውነቱን ነው፣ ይቁም አልልም። ድምፁም ልብሱም አምሮበት ነበር። ኮራሁ። ይህን ደብተር ልዋሸው አልችልም፣ ኮራሁ።

ከዚያ ቆራጯን ጠሩ። ቆመች።

«ቂም የለኝም» አለች። «ቂም የኔ ጉዳይ ነው፣ ቤቴ ውስጥ ያልቃል። እናንተ የጠራችሁኝ ግን ስለ ወንበሩ ነው።» ወደ ጋሼ ዞረች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ነገ ቢመረጡና አንድ መሐንዲስ መጥቶ ይቆይ ቢልዎት፣ ምን ያደርጋሉ?»

ጋሼ ተነሳ። እግዜር ይስጣት፣ በሩን ከፍታ ሰጠችው። ግባ ነው ያለችው።

«እህቴ» አለ፣ «ይህ ከተማ ስንት ዘመን ጠበቀ? ውሃ ጠበቀ፣ መንገድ ጠበቀ። እኔ ሕዝቤን ጠብቅ የምል ሰው አይደለሁም።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም እጄን አንስቼ ነበር፣ አነጋገሩ አምሮ ነበራ። ባለቤቴን አየሁት፤ እጁ ጉልበቱ ላይ ነው። የኔም ወረደ።

ቆራጯ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች። «መለሱልኝ» አለችና ተቀመጠች።

በዚህ ቢያልቅ ምንኛ ጥሩ ነበር። ባለ ማይኩ ተነሳና ይህች ሴት ቀድማ ደግፋን ነበር፣ አሁን ማን ገዝቷት እንደሆነ ይጣራልን አለ። ሰው አጉረመረመ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። «ደግፋለች ያለው ማነው? ለማን ተናገረች?»

ባለ ማይኩ ጋሼን አየ። ጋሼ የአዲሱን ልብስ እጅጌ አስተካከለ። ቆራጯም እጇን አንስታ ልትጠቁመኝ ትችል ነበር፣ አልጠቆመችም። ጎኔ የተቀመጠችው ኦቨርሎክ በክርኗ አልነካችኝም፤ ብትነካኝ ይሻለኝ ነበር።

ተነሳሁ።

«አልደገፈችም» አልኩ። «ቂም የለኝም ብቻ ነው ያለችኝ። ቀሪውን እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

አንዳንዱ ሳቀ። ሰብሳቢዋ ሌላ የምጨምረው እንዳለ ጠየቀችኝ። ብዙ ነበረኝ፤ ጋሼ እንዴት እንዳሳደገኝ፣ ጫማዬን፣ ሁሉንም። የለኝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ጋሼ ወደኔ አላየም። ግድግዳውን አየ። ምንም ክር አልነበረበትም።

ሐሙስ

ስልኩን አያነሳም።

ቅዳሜ

አያነሳም። ዩኒፎርሙ አለቀ፣ ርዕሰ መምህርቷ ወሰደች። ልጆቹ ሁለት ሁለት እጅ አላቸው። ደስ አለኝ፤ በዚህ ሰሞን ደስ ያለኝ በዚህ ብቻ ነው፣ ለኔ ትንሽ ነው።

ማክሰኞ

ኮሚቴው ይወዳደር አለ። ቅጣቱን ጨርሷል፣ ሕጉ አይከለክለውም፣ የሰማውን የሰማ መራጭ ራሱ ይፍረድ አለ።

ኦቨርሎክ ተቆጣች። «ባሌ ዘበኛነቱ እንደዚህ በሆነለት።» ርዕሰ መምህርቷ ትክክል ነው አለች፤ ዛሬ በሱ ላይ የዘጉት በር ነገ ባልወደዱት ሁሉ ላይ ይዘጋል፣ ታስረው የነበሩ ብዙ ደህና ሰዎች አሉ አለች። ኦቨርሎክ እሷን ሰምታ አሰበች፣ «እሱስ ነው፤ በሩን የሚዘጋው ማን እንደሆነ ነው ነገሩ» አለች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም እኔን አዩኝ፣ ምን ትያለሽ ብለው።

ኮሚቴው ያለውን አልኩ። አሁን ነገሩ ወደኛ መጣ አልኩ። ቆራጯ ቀና አለች። ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ ግን በዚህ ሰሞን መሰለኝ ያልኩት ሁሉ ስለማይሆን አልምልም።

እሑድ፣ የምርጫ ቀን

ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ደስ የሚል፣ ከፊቴ ካለችው ሴትዮ ጋር ስለ ልጆቿ ሁሉ አወራን። ባለቤቴ ከኋላዬ ዝም።

መጋረጃው ውስጥ ገባሁ። ወረቀቱ ላይ የጋሼ ፎቶ አለ፣ እኔ የሰፋሁትን ልብስ ለብሷል። ብዕሩን ይዤ ቆየሁ። አስመራጩ ከውጪ አሳለ።

ማንን እንደመረጥኩ እዚህ አልጽፍም። ድምፅ ምስጢር ነው ይላል በሩ ላይ የተለጠፈው። ደብተሩን የሚያነብ የለም፤ ግን እኔም አንድ ነገር ለራሴ ማስቀመጥ ልልመድ።

ረቡዕ

ከጋሼ ጋር የተወዳደረችው፣ መድኃኒት ቤት ያላት ሴትዮ አሸነፈች። ጋሼ ሁለተኛ ወጣ። በሰፊ ልዩነት አይደለም።

አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አልመረምረውም። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩና ሾርባ ጣድኩ።

ሐሙስ

ጋሼ መጣ።

ሳይደውል፣ ማታ ሳይሆን ገና ፀሐይ እያለች፣ ብቻውን። ፖስተር የሚሸከም ሰው የለም። ወጥ ቤት ውስጥ ተቀመጠ፣ ሾርባውን ሰጠሁት፣ በላ። ባለቤቴ ከሥራ ገባ። በሩ ላይ ቆመ፣ አየው። ስምሪት አለብኝ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለሱም ሰጠሁት። ዳቦ ቆርሼ መሃላቸው አስቀመጥኩ።

«ለኔ ነበር አይደል?» አለኝ ጋሼ። «ድምፅሽ።»

«ድምፅ ምስጢር ነው ጋሼ።»

ባለቤቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «አንቺ ምስጢር?» አለና ሳቀ። ጋሼም ሳቀ። አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው ሳቁ፤ በኔ ነው የሳቁት፣ ግድ የለም።

ከዚያ ጋሼ በሚቀጥለው ምርጫ አለ። ያ ፊቱ ተመለሰ። ሕዝቡ ይወደኛል፣ ልዩነቱ ጥቂት ነበር፣ ያቺ ቆራጭሽ ባትጠይቀኝ ኖሮ አለ።

«መጀመሪያ ቤቷ ሂድ» አልኩት።

«ሄጄ ምን ልበላት?»

«ያደረግከውን ንገራት።»

«ታውቀዋለች እኮ።»

«ታውቀዋለች። ካንተ አልሰማችም።»

ሳህኑን አየ። አስራ ሁለተኛን ስጨርስ የጨፈረው ሰው፣ ሽበቱ ከመቼው ይህን ያህል በዛ? ባለቤቴ ቤቷ በየት በኩል እንደሆነ ነገረው፤ ሁለተኛው መታጠፊያ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ለመንገደኛ እንደሚናገረው ቀስ ብሎ።

«ነገ» አለ ጋሼ ሲነሳ። በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። «እህት ዓለም፣ አብረሽኝ ነይ። ካንቺ ጋር ይቀለኛል።»

ልቤ ዘለለ፣ መቼም እኔ ጥሪ እምቢ ብዬ አላውቅ። ምን እንደምለብስ እንኳ አስቤ ነበር።

አይሆንም አልኩት። ብቻህን ሂድ። እኔ አብሬህ ከሄድኩ የማወራው እኔ ነኝ።